ባለጸጋው ካህንና የድሆች ፊደል

ልጄ በሚማርበት የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የንባብ ሳምንት ይከበራል። በዚያ ሳምንት ወላጆች ተራ በተራ እየገቡ ለልጆቹ አንድ ታሪክ ይተርካሉ። ተራው የእኔ በሆነ ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስለ ንባብ፣ ስለ ምስጋናና ስለ እምነት የሚያስተምር የአንድ ሰው ታሪክ እንዳዘጋጅ ጠየቀችኝ። ሳስብ ሳሰላስል ትዝ ያለኝ እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ በትምህርት ቤታችን ደረጃ ራስ ላይ ተሰቅሎ የነበረ ሥዕል ነው። ጥቁር ቀሚስ የለበሱ፣ ከአንገታቸው ሥር ነጭ ጨርቅ የተንጠለጠለ፣ ፊታቸው የረጋ ካህን። ስማቸውን አውቀዋለሁ፤ ዴ ላ ሳል ይባላሉ። በሥዕሉ ሥር ለዓመታት ወጥቻለሁ፣ ወርጃለሁ። ማን እንደሆኑ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። እንጀራ የምበላበትን ንባብ ያገኘሁት እኚህ ሰው በዘረጉት መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ሕይወታቸውን የሚተርኩ መጻሕፍት ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ። ለልጆቹ የተሰጠኝ ሩብ ሰዓት ብቻ ስለነበር ከተማርኩት ሩቡን እንኳ አልነገርኳቸውም። የቀረውን ለእናንተ ለውድ አንባቢያን ላካፍል ብዬ ይህን ጻፍኩ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

የባለጸጋ ልጅ

ዣን ባቲስት ዴ ላ ሳል የተወለዱት ሚያዝያ 30 ቀን 1651 ራንስ በምትባለው የሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ ከተማ ነው። ራንስ የፈረንሳይ ነገሥታት ዘውድ ይጭኑበት የነበረው ካቴድራል ያለባት ከተማ ናት። አባታቸው ሉዊ ዴ ላ ሳል የንጉሡ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። እናታቸው ኒኮል ሞኤት ደግሞ ከታወቀ ባለጸጋ ቤተሰብ የተወለዱ ወይዘሮ ናቸው። ከአሥራ አንድ ልጆች የመጀመሪያው እሳቸው ሲሆኑ አራቱ ወንድምና እኅቶቻቸው በሕፃንነታቸው ሞተዋል። የሀብታም ቤትም ቢሆን በዚያ ዘመን ሞት አይፈራውም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎቻቸው አንድ ነገር ያወሳሉ። በቤታቸው ድግስ ተደግሶ ዘመድ አዝማድ ሲጫወት ትንሹ ዣን ባቲስት ጫጫታው ስለሰለቸው ወደ አያታቸው ይጠጉና የቅዱሳንን ገድል እንዲያነቡላቸው ይለምናሉ። አያትየውም መጽሐፉን ገልጠው ያነቡላቸው ነበር። የእናታቸው አባት ደግሞ የካህናቱን የጸሎት መጽሐፍ እንዴት እንደሚያነቡ አስተማሯቸው። እንግዲህ ሚሊዮኖችን ማንበብ ያስተማረውን ማኅበር የመሠረቱት ሰው ወደ መጽሐፍ የገቡት በአያት ጉልበት ሥር ተቀምጠው ነው ማለት ነው።

የክህነት መንገድን ገና በልጅነታቸው መረጡ። ገና 16 ዓመት ሳይሞላቸው፣ በጥር 1667፣ በራንስ ካቴድራል የካህናት ጉባኤ አባል ሆነው ተሾሙ። ይህ ሹመት ክብርም፣ የማይጓደል ገቢም ያለው ሲሆን ከዚያ ጉባኤ ጳጳሳት ይወጡበት ነበር። በ1670 ፓሪስ ወደሚገኘው የሳን ሱልፒስ ዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ገቡ። ነገር ግን በሐምሌ 1671 እናታቸው፣ በሚያዝያ 1672 ደግሞ አባታቸው አረፉ። ገና 21 ዓመት ሳይሞላቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ራንስ ተመለሱና የታናናሾቻቸው አሳዳጊ ሆኑ። የቤት ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ የውርስ ሒሳብ መያዝ፣ ታናናሾችን ማስተማር ሁሉ በእሳቸው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ይህን ሁሉ እየሠሩ በሚያዝያ 1678 ቅስና ተቀበሉ፤ በ1680 በነገረ መለኮት የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የአንድ ጨዋ፣ ትጉህና ዕድለኛ ሰው ታሪክ ነው። በዚያው ቢቀጥሉ ኖሮ ስማቸው ምናልባት በካቴድራሉ መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር ይዞ ይቀር ነበር።

በር ላይ የተገኘው እንግዳ

ያኔ ፈረንሳይን የሚገዛው ሉዊ 14ኛ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ያሸበርቅ እንጂ የከተማ ድሃ ኑሮው የከፋ ነው። ሸማኔው፣ ግንበኛው፣ ተሸካሚው ከማለዳ እስከ ምሽት ሲለፋ ይውላል። ልጆቹ መንገድ ላይ ይውላሉ። ትምህርት ቤቶች ቢኖሩም አብዛኞቹ በክፍያ ነበሩ። ለድሃ በነፃ የሚከፈቱት ጥቂቶች ደግሞ መምህር አይበረክትላቸውም። መምህርነት ሌላ ሥራ ያጣ ሰው የሚይዘው፣ የተሻለ ሲያገኝ ጥሎት የሚሄድ ሙያ ነበር።

የዴ ላ ሳል የነፍስ አባት ኒኮላ ሮላን በራንስ የድሃ ሴት ልጆችን የሚያስተምሩ እኅቶችን ማኅበር መሥርተው ነበር። እሳቸው በ1678 ሲሞቱ የማኅበሩን ጉዳይ ዳር እንዲያደርሱ አደራውን የተቀበሉት ዴ ላ ሳል ናቸው። በ1679 መጀመሪያ ላይ ለዚሁ አደራ ወደ እኅቶቹ ቤት ሲሄዱ በር ላይ አንድ እንግዳ አገኙ። አድሪያን ኒዬል ይባላል። ከሩዋን ከተማ የመጣ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ለወንዶች ልጆች የነፃ ትምህርት ቤት ለመክፈት ከአንዲት ባለጸጋ ሴት የተላከ ሰው ነበር። ዴ ላ ሳል እንግዳውን ቤታቸው አሳረፉት፤ ምክር ሰጡት፤ የሚተባበሩ የደብር አለቃ ፈለጉለት። በሚያዝያ 1679 በቅዱስ ሞሪስ ደብር የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ተከፈተ።

በእሳቸው ሐሳብ ነገሩ እዚያው ላይ አብቅቷል። አንድ በጎ ሰው ረድተዋል፤ ከእንግዲህ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ኒዬል ግን አንዱን ትምህርት ቤት ከፍቶ ሳያጠናክር ወደ ሌላው የሚሮጥ ሰው ስለነበር መምህራኑ ያለ ተቆጣጣሪ ቀሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ዴ ላ ሳል መጀመሪያ ለመምህራኑ ቤት ተከራዩላቸው። ቀጥሎ ምግብ ከቤታቸው ይላክላቸው ጀመር። ከዚያ በራሳቸው ማዕድ አብረዋቸው እንዲበሉ አደረጉ። በሰኔ 1681 ደግሞ እቤታቸው አስገቧቸው።

ዘመዶቻቸው ተቆጡ። የዳኛ ቤት፣ የካቴድራል ካህን ቤት፣ እጁን በወጉ መታጠብ የማያውቅ ደሃ መምህር ይፈንጭበት? ከታናናሾቻቸው አንዳንዶቹን ከእጃቸው ወሰዱባቸው። ዴ ላ ሳል ራሳቸውም በኋላ በጻፉት ማስታወሻ የተናዘዙት ነገር አለ፤ መጀመሪያ ላይ እነዚያን መምህራን ከቤት አሽከራቸው በታች ይቆጥሯቸው እንደነበር፣ አብሮ መኖር የሚለው ሐሳብ ራሱ ይከብዳቸው እንደነበር፣ መንገዱ ወዴት እንደሚያደርሳቸው አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ጨርሶ እንደማይጀምሩት ጽፈዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ይህ ነው። ቅዱሳንን ከተወለዱ ጀምሮ ቅዱስ አድርገን መሳል ይቀናናል። እኚህ ሰው ግን ንቀታቸውን በእጃቸው ጽፈው ትተውልናል።

በሰኔ 1682 ከመምህራኑ ጋር አባታቸው ካወረሷቸው ቤት ወጥተው በድሆች ሰፈር ወደ ተከራዩት ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አልነበረም።

ዳቦ የሆነው ሀብት

አብረው መኖር ሲጀምሩ አዲስ ችግር መጣ። መምህራኑ ስለ ነገ ይጨነቁ ነበር። ብንታመምስ? ትምህርት ቤቱ ቢዘጋስ? ስናረጅ ማን ይጦረናል? ዴ ላ ሳል እንደ ካህን በእግዚአብሔር እንዲተማመኑ፣ የሰማይን ወፎች የሚመግብ አምላክ እንደማይጥላቸው መከሯቸው። መምህራኑም ያለ ይሉኝታ መለሱላቸው። እርስዎ ሀብትም ሹመትም አለዎት፤ ትምህርት ቤቱ ቢፈርስ እርስዎ አይወድቁም፤ እኛ ግን መሄጃ የለንም፤ ስለ መተማመን መናገር ለእርስዎ ቀላል ነው የሚል ትርጉም ያለው መልስ ነበር።

ይህን የመሰለ መልስ የሰማ አለቃ ብዙ ጊዜ ይቆጣል፤ አለዚያም ዝም ብሎ ያልፋል። ዴ ላ ሳል ግን እውነት መሆኑን ተቀበሉ። ኒኮላ ባሬ የተባሉ መነኩሴን አማከሩ። የመጣላቸው ምክር ሀብታቸውን ለትምህርት ቤቶቹ መቋቋሚያ ያውሉት የሚል አልነበረም። ሁሉንም ትተው እንደ መምህራኑ ባዶ እጃቸውን እንዲሆኑ ተመከሩ። በ1683 የካቴድራሉን ሹመት ለቀቁ። ዘመድ አዝማድ ለታናሽ ወንድማቸው ይተዉታል ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው ለአንድ ድሃ ቄስ ሰጡት። ከ1684 እስከ 1685 በነበረው ክረምት ረሃብ ሲገባ ደግሞ ሀብታቸውን ወደ ዳቦ ቀየሩት። ለትምህርት ቤት ልጆች፣ ችግራቸውን አውጥተው መለመን ለሚያፍሩ ቤተሰቦች፣ በር ለሚያንኳኳ ሁሉ ዳቦ ታደለ። ክረምቱ ሲያልፍ ሀብቱም አለቀ። ያ ባለጸጋ ካህን ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤት ጉዳይ ሲናገሩ የሚሰሟቸው መምህራን ስለ ነገ የሚያነሱት ጥያቄ አልነበራቸውም።

ፊደል በእናት ቋንቋ

አሁን ወደ ንባቡ ልመለስ። የእኛ አገር የቄስ ትምህርት ቤት የደረሰበት ሰው ይህን ክፍል ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በእኛ ዘንድ ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስ አንብቦ ዳዊት ሲደግም ዘመድ ይደሰታል፤ የሚያነበው ግን ግእዝ ስለሆነ ትርጉሙን ማወቅ ሌላ ዓመታት ይጠይቀዋል። በዚያ ዘመን ፈረንሳይም እንዲሁ ነበር። ሕፃን ማንበብ የሚጀምረው በላቲን ነው፤ ከፊደል ቀጥሎ የላቲን ጸሎትና መዝሙረ ዳዊት ይይዛል። የሀብታም ልጅ ዓመታት ስላሉት ወደ ትርጉሙ ይደርሳል። የሸማኔ ልጅ ግን ትምህርት ቤት የሚቆየው ሁለት ቢበዛ ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ለሥራ ይፈለጋል። ስለዚህ የማያውቀውን ቋንቋ ግማሽ ተምሮ፣ የሚያውቀውን ቋንቋ ሳያነብ ይወጣል።

ዴ ላ ሳልና መምህራኑ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጡት። ንባብ በፈረንሳይኛ ይጀመራል፤ ላቲኑ ፈረንሳይኛ ማንበብ ለቻለ ልጅ በኋላ ይመጣል። ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን ከጳጳሳት ሳይቀር ተቃውሞ ነበረበት። ዴ ላ ሳል ያቀረቡት ምክንያት የተግባር ነበር። ፈረንሳይኛ ያነበበ ልጅ ላቲኑን በቀላሉ ይይዛል፤ ቶሎ ቢያቋርጥ እንኳ የእምነቱን መጽሐፍ በሚገባው ቋንቋ እያነበበ ይኖራል።

ንባቡ ዘጠኝ ደረጃዎች ነበሩት። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የፊደል ሰሌዳ ይጀምራል፤ ወደ ቃል ክፍሎች ሰሌዳ፣ ከዚያ ወደ መጻሕፍት ይሸጋገራል። ወደ መጨረሻው መዝሙረ ዳዊት በላቲን፣ ቀጥሎ የመልካም ሥነ ምግባር መጽሐፍ ይመጣል፤ ይህን መጽሐፍ በ1703 ያሳተሙት ራሳቸው ዴ ላ ሳል ናቸው። የመጨረሻው ደረጃ ግን በጣም ያስገርማል። ልጆቹ በእጅ የተጻፉ ወረቀቶችን እንዲያነቡ ይደረግ ነበር፤ ደብዳቤ፣ ውል፣ ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት። ምክንያቱም ድሃ የሚታለለው በእነዚህ ወረቀቶች ነው። ውሉን ማንበብ የማይችል አናጢ ያላዋለውን ዕዳ ይፈርማል። ዴ ላ ሳል የዳኛ ልጅ ናቸው፤ ታናናሾቻቸውን ሲያሳድጉም ብዙ ወረቀት አገላብጠዋል። ይህን ማወቃቸው አያስደንቅም።

በክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌሎቹ በለሆሳስ ይከተሉታል። መምህሩ በድንገት ወደ ሌላው ሲጠቁም ካቆመበት መቀጠል ግድ ነው። መምህሩ ብዙ አይናገርም፤ ከእንጨት በተሠራች ትንሽ መሣሪያ ድምፅ ምልክት ይሰጣል። ስለ እያንዳንዱ ልጅ ጠባይ፣ ትጋትና ደካማ ጎን መዝገብ ይያዛል። ለመንፈሳዊነት፣ ለዕውቀትና ያለ መቅረት ለሚመጣ ልጅ ሽልማት ነበር፤ ከሽልማቱ አንዱ መጽሐፍ ነው። ቤቱ መጽሐፍ የሌለው የተሸካሚ ልጅ መጽሐፍ ተሸልሞ ሲገባ ምን ይሰማው እንደነበር ማሰብ ይቻላል። በእርግጥ የዘመኑ ሰዎች ናቸውና ቅጣትም ነበር፤ በትርም አልቀረም። መመሪያቸው ግን ቅጣት እንዲያንስ፣ በንዴት እንዳይቀጣ አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ይህ ሁሉ ከዓመታት ልምድ ተሰብስቦ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አመራር በሚል መጽሐፍ ተጻፈ። በ1706 የተገለበጠ የእጅ ጽሑፍ አለ፤ በ1720 ደግሞ ታተመ።

መቅረት የሚለውን ምዕራፍ ሳነብ የዛሬ ርእሰ መምህር የጻፈው መሰለኝ። ልጆች ለምን ይቀራሉ? አንዳንዱ ሕፃን ስለሆነ፤ አንዳንዱ መምህሩን ስላልወደደ፤ አንዳንዱ ወላጆቹ ለትምህርት ዋጋ ስለማይሰጡ። ለእያንዳንዱ ምክንያት የተለየ መፍትሔ አለው። ወላጆችን ማነጋገር፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ልጅ ሲያድግ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚዘጋበት ማስረዳት የመምህሩ ሥራ ነው።

ቁርስ ላይ የሚማሩት ምስጋና

ምስጋናን በተመለከተ ለልጆቹ የነገርኳቸው አንድ ነገር ነው። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ቁርሳቸውን ይዘው መጥተው ክፍል ውስጥ ይበሉ ነበር። ቁርሱም እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይቆጠራል። ሳይበሉ ይባርካሉ፤ በልተው ያመሰግናሉ፤ በወጉ መብላትን ይማራሉ። ከተማሪዎቹ አንዱ ደግሞ ዘንቢል ይዞ ይዞራል። የተረፈው፣ ፈቅዶ የሚሰጥም ካለ፣ ዳቦውን ይጨምራል፤ ከዚያም ምንም ላላመጡ ልጆች ይከፋፈላል። ዳቦ የተቀበሉት ልጆች ለሰጧቸው ይጸልያሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰጪውም ድሃ፣ ተቀባዩም ድሃ ነው። ምስጋና በቃል የሚጠና ትምህርት ሳይሆን በየቀኑ በእጅ የሚሠራ ነገር ነበር።

እምነትም እንዲሁ ነው። ከትምህርቱ መካከል በየተወሰነ ጊዜ ደወል ይደወላል። ሁሉም ሥራውን አቁሞ እግዚአብሔር ባለበት ፊት መሆኑን ለአፍታ ያስባል፤ ከዚያ ወደ ንባቡ ይመለሳል። በዴ ላ ሳል ማኅበር ትምህርት ቤቶች ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አለ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት እንዲህ እናደርግ ነበር። ያኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማስበው ስለ እረፍት ሰዓት ኳስ ነው። ልማዱ የ300 ዓመት መሆኑን አላውቅም ነበር።

መራራው መንገድ

ዴ ላ ሳል በ1688 ወደ ፓሪስ ሄደው በሳን ሱልፒስ ደብር ትምህርት ቤት ያዙ። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወታቸው ከስኬቱ መከራው ይበዛል። በ1691 አብረዋቸው ከነበሩት መምህራን ብዙዎቹ ሄደዋል፤ ጥቂቶች ሞተዋል፤ እሳቸውም ታመው ነበር። በዚያ ዓመት ኅዳር 21 ቀን ኒኮላ ቩያርና ገብርኤል ድሮለን ከተባሉ ሁለት መምህራን ጋር በምሥጢር ተማማሉ። ሦስቱ ብቻ ቢቀሩ፣ ለምነውና ደረቅ ዳቦ በልተው ቢኖሩ እንኳ ትምህርት ቤቶቹን ላይተዉ ቃል ገቡ። ቩያር ከዓመታት በኋላ ቃሉን ትቶ ተለያቸው። ድሮለን ግን በ1702 ወደ ሮም ተልኮ 26 ዓመት ያህል ለብቻው ቆየ። ከሁለት ጓደኛ አንዱ ይከዳል፣ አንዱ ይጸናል።

በፓሪስ በክፍያ የሚያስተምሩ የጽሕፈት መምህራን ማኅበር ከሰሳቸው። ነፃ ትምህርት ቤቱ ደንበኛ ነጥቆናል ነው ክሱ። በ1704 የትምህርት ቤቱ ዕቃ ተወረሰ፤ መቀጮ ተጣለ። በ1702 ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣናት ከማኅበሩ አመራር ሊያነሷቸው ሞክረው መምህራኑ እምቢ አሉ። በ1712 አንድ ወጣት የመምህራን ማሠልጠኛ ለመክፈት ባዋጣው ገንዘብ ምክንያት የወጣቱ አባት ከሰሳቸውና ተፈረደባቸው። የዳኛው ልጅ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በማታለል ስማቸው ጎደፈ።

በዚህ ጊዜ ልባቸው የተሰበረ ይመስላል። ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ወርደው በየትምህርት ቤቱ ዞሩ፤ ቆይተውም ግሬኖብል አካባቢ፣ ፓርሜኒ በሚባል ኮረብታ ላይ ባለ የጸሎት ቦታ ተቀመጡ። ለማኅበሩ ችግር የሆንኩት እኔ ነኝ ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። የፓሪስ መምህራን ግን በሚያዝያ 1 ቀን 1714 አንድ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ለማኅበሩ በገቡት የመታዘዝ ቃል ኪዳን መሠረት ተመልሰው አመራሩን እንዲይዙ አዘዟቸው። መሥራቹን ያዘዙት ራሳቸው ያስተማሯቸው ሰዎች ናቸው። በአንድ ወቅት ከአሽከር በታች የቆጠሯቸው ዓይነት መምህራን ያዘዙትን እሳቸው ታዘዙ። በነሐሴ ወር ፓሪስ ደረሱ።

በ1717 አመራሩን ወንድም በርተሎሜዎስ ለተባለ መምህር አስረከቡ። እሳቸው እንደ ተራ ሰው ሆነው በሩዋን ሳን ዮን በሚባለው ቤት ቆዩ። በስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 7 ቀን 1719 በ67 ዓመታቸው አረፉ። በመጨረሻ የተናገሩት እግዚአብሔር በሕይወታቸው ላደረገው ሁሉ የስግደት ቃል እንደነበር ተዘግቧል። ይህ ሁሉ መከራ የደረሰበት ሰው መደምደሚያ ስግደት መሆኑ ሲያስቡት የሚያስደንቅ ነው።

ከእሳቸው በኋላ

ሲሞቱ ማኅበሩ ከ20 በሚበልጡ የፈረንሳይ ቦታዎች ትምህርት ቤቶች ነበሩት። በ1725 ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሕጋዊ ዕውቅና አገኘ። በ1900 ቅድስናቸው ታወጀ፤ በ1950 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ አድርገው ሰየሟቸው። ማኅበሩ ወደ 80 በሚጠጉ አገሮች ይሠራል። በእኛም አገር የአዲስ አበባውና የአዳማው ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤቶች የእነዚሁ ወንድሞች ሥራ ናቸው፤ የአዲስ አበባው የተከፈተው በ1959 ነው። ከሚማሩበት ልጆች ብዙዎቹ ካቶሊክ እንዳልሆኑ የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም እዚያ ፊደል ቆጥሯል።

አንድ ጥያቄ ግን ሳላነሳ ባልፍ ለታሪኩ ታማኝ አልሆንም። ዴ ላ ሳል ከተማሪ ወይም ከወላጅ ገንዘብም ስጦታም መቀበልን ከልክለዋል። ዛሬ ግን እኔን ጨምሮ ብዙ ወላጅ በከተማችን የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ልጁን የሚያስተምረው ከፍሎ ነው። ታሪኩ ይኮንነናል? ሙሉ በሙሉ አይመስለኝም። በእሳቸው ዘመንም በሳን ዮን የነበረው የአዳሪ ትምህርት ቤት በክፍያ ነበር። ቢሆንም መነሻው የድሃ ልጅ እንደሆነ መርሳት አይቻልም። የምንከፍል ወላጆች መክፈላችን ባለውለታነታችንን የሚሰርዘው ይመስለናል። ደረሰኝ ከተቀበልን በኋላ መምህሩን ማመስገን የምን ዕዳ ነው ብለን እናስባለን። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው። ልጄን ማንበብ ያስተማረችውን መምህርት የምከፍለው ገንዘብ ጊዜዋን ይገዛ ይሆናል። ልጁ አንዲት ቃል አላነብ ብሎ ሲያለቅስ ያሳየችውን ትዕግሥት ግን አይገዛውም።

ንግግሬን ስጨርስ አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አውጥታ ለእኚህ ሰው ለራሳቸው ማንበብ ያስተማራቸው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለ አያታቸው ነገርኳት። ቀጥላ ለእኔስ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀች። መለስኩላት፤ ስሙንም ጠራሁ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ያን መምህሬን ካገኘሁት ብዙ ዓመት እንዳለፈ፣ አንድ ቀንም አመሰግናለሁ ብዬው እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩ። ጡረታ ወጥቷል። ጋሼ ብዬ ራሴን አስተዋወቅሁና የመጣሁበትን ጉዳይ ነገርኩት። ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ እንደ ድሮው ምስጋናውን አሳጥሮ ወደ ሥራው ገባ፤ ልጄ አሁን ምን እያነበበ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ ንባብ ለአንድ ክፍል ልጆች ስሰብክ የዋልኩት ሰው መልስ አልነበረኝም። አላውቅም ነበር።

በዚያ ምሽት ከልጄ ጋር ተቀመጥን። መጽሐፉን አምጥቶ ከአጠገቤ ተጠጋ፤ እኔ አንድ ገጽ፣ እሱ አንድ ገጽ እየተቀባበልን አነበብን። ከዚያ ወዲህ ልማድ አድርገነዋል። ጋሼም በየጊዜው እየደወለ የት እንደደረስን ይጠይቀኛል።